አምስት ወር የተመረጠ ጠብመንጃ

መጋቢት 9 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ዳሌሽስ እንዴት ነው? ምርኩዙን እንድትተዪ ሐኪሙ ፈቀደልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለራስሽ ራስሽ ፈቀድሽ? ቡዶ ከተማ ላይ ነፋሱ ከእኛ እንደሚብስ አውቃለሁ፤ በረዶው እንዳያንሸራትትሽ ደረጃው ላይ አሸዋ ሳታስበትኚ እንዳትወጪ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል በስልክ ብዙ ጊዜ ብዬሻለሁ፤ ዛሬ በጽሑፍ ስለሆነ ልጠንቀቅበት። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከቤት እወጣለሁ።

ባለፈው «ጠብመንጃውን ገዛህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ወሬውን ወደ በረዶው የመለስኩት ሆን ብዬ ነው። ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው የምጽፍልሽ፤ የማይገባሽ ነገር ካለ እኔም አልገባኝም ማለት ነው።

የተኳሾች ማኅበራችን ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ምንጣፍ ላይ በደረት ትተኛለሽ፤ ኢላማው አሥራ አምስት ሜትር ላይ ነው። ጠብመንጃው ትንሽ ነው፤ የጥይቱ ራስ ከአተር ያንሳል። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ትስቢያለሽ፣ አንድ ጥይት ታጎርሻለሽ፣ ትዘጊያለሽ። የማነጣጠሪያ መነጽር የለውም፤ ከኋላ ቀዳዳ ከፊት ቀለበት ብቻ። ጥቁሯን ክብ ቀለበቱ መሃል ስታስቀምጪ ትንፋሽሽን ትይዢና ቃታውን ትስቢያለሽ። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን የምትሠራ አንዲት ጠብመንጃ መምረጥ አምስት ወር ይፈጃል ብሎ ማን ያስባል?

አስጌርን ታውቂዋለሽ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከግቢዬ ወተት ሲጭን የኖረው ባለመኪና። አሁን ጡረታ ወጥቶ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። የመሣሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ፖሊስ የሚቀበለው እሱ የፈረመበትን ወረቀት ነው። በኅዳር ልገዛ ነው ስለው ከባድ አፈሙዝ ያለውን ካልገዛህ እጅህ ይንቀጠቀጣል አለኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ ከባዱን ተውሼ ስተኩስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኤይሊቭ ከአጠገቤ ተኝቶ ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ላሞችህን ሸጠህ በላም ሚዛን ልትገዛ ነው እንዴ? ይሄ እኮ መድፍ ነው!» አለኝ። ቀላሉን አመጣልኝ። ቀላሉን ስይዝ ደግሞ እማማ ቦርግሂልድ መጡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከሁላችንም አብልጠው ይመታሉ። «እሱን አትስማው። ሚስት ሲመርጥ እኔን ነው ያማከረው፤ እሷ እስካሁን ይቅር አላለችኝም» አሉና ሰደፉ ለትከሻዬ እንደሚያጥር በስንዝራቸው ለኩ።

እንዲህ እየሆነ ሰባት ጠብመንጃ ሞከርኩ። በየሳምንቱ አንዱ አዲስ ያመጣል። «ይችን ሳትሞክር እንዳትወስን» ይሉኛል። ደብተር ገዝቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ክብደት፣ የሰደፍ ርዝመት፣ ቃታው ሲሳብ ይጠነክራል ወይስ ይላላል፣ የፊት ቀለበቱ ስፋት ስንት ነው። ወጥ ቤት ተቀምጬ ከራዲዮው ጋር ስከራከር አመሻለሁ። ሰባቱም በአንዱ ይበልጣሉ፣ በሌላው ያንሳሉ። ሚስቴ ራግንሂልድ ወደ በርገን ከሄደች ወዲህ እንደዚያ የተጨነቅኩበት ነገር አልነበረም።

በየካቲት ወሰንኩ። አራተኛዋን። ባለቤቷ የሞተባት አሮጌ ጠብመንጃ ናት፤ ልጁ ነች የምትሸጣት። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ የእንጨቱ ቀለም ለቋል። ቀዳዳዋና ቀለበቷ ግን ዓይኔ ላይ ወዲያው ይገጥማሉ፤ መፈለግ የለም። ቅጹን ሞልቼ ለአስጌር ሰጠሁት። መነጽሬን ረስቻለሁ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ እፈርማለሁ አለኝ። እትዬ፣ መነጽሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የሚቀጥለው ሐሙስ ቅጹ ቤት ቀርቷል ተባልኩ። ከዚያ ኤይሊቭ ጣልቃ ገብቶ የአራተኛዋ አፈሙዝ ውስጡ ተበልቷል አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያችው ጠብመንጃ አሥር ተኩሶ አሥሩንም መሃል የመታው እሱ ራሱ ነው! «ታዲያ ያን ቀን በምንህ መታህ? በጸሎት?» አልኩት። ኤይሊቭ ጫማውን ያይ ጀመር።

የዋፍል ቂጣዬን ከነቡናማ አይቡ ሰሃኑ ላይ ትቼ ወጣሁ። መኪናዬ ዘንድ ሳልደርስ እማማ ቦርግሂልድ ያለ ካፖርት ተከትለውኝ መጡ። በዚያ ብርድ! መኪናው ውስጥ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ መርጠህ ስትጨርስ ለምን ትመጣለህ?» አሉኝ።

«ለመተኮስ ነዋ! ለምን ሊሆን?»

«አሁን እንደሱ ትላለህ። በጥቅምት ስትመጣ ፊትህ እንደሱ አይልም ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። በጥቅምት ለእኔ ፈርተሽ ለአስጌር መደወልሽን። ስልኩን ዘግቶ እሳቸው ቤት መሄዱን፤ ምን ላድርግ ማለቱን። እምቢ አልፈርምም ብዬ ልንገረው ብሎ ነበር። እሳቸው ናቸው የከለከሉት። «እምቢ የተባለ ሰው ሌላ ቦታ ይሄዳል። የሚመርጥ ሰው ግን ለሚቀጥለው ሐሙስ ይመለሳል» አሉት። ስለዚህ ሲያስመርጡኝ ከረሙ። ስድስተኛዋን ኤይሊቭ ከወዲያኛው ሸለቆ ሁለት ሰዓት ነድቶ ሄዶ ነው የተዋሰው፤ እኔ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይዣት ሰደፏ አልተመቸኝም ብዬ መልሼለታለሁ።

«አትቆጣት» አሉኝ ስለ አንቺ። «ብትቆጣም ቶሎ ጨርሰው፤ እኔ በረደኝ።»

ተቆጣሁ። ሦስት ቀን ስልክሽን ያላነሣሁት ለዚህ ነው። አፍሬም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ብቻዬን ሳላውቅ አምስት ወር ስለ ቃታ ስከራከር! ቤት ገብቼ የተኮስኩባቸውን ካርቶኖች ከመሳቢያ አወጣሁ። ዘጠኝ ያሉኝ እውነት ዘጠኝ ነበር? ወይስ እሱንም አዝነውልኝ ነው? በማጉያ መነጽር ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ትክክል ነበሩ። በታኅሣሥ እንዲያውም አንድ ነጥብ አጉድለውብኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱን ሳይ ቁጣዬ ቀነሰ።

አሁን እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፤ እነሱ አያውቁትም፣ አንቺም የምታውቂው በግማሽ ነው። ላሞቹ በመስከረም ሄዱ። አሥራ አራት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ እነቃለሁ፣ የምነሣበት ነገር የለም። በጥቅምት ከተማ ወርጄ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ለምንህ ነው አለኝ። ለኢላማ አልኩት። ማነጣጠሪያው ምን ዓይነት ይሁን ቢለኝ ግድ የለኝም አልኩ። ሰደፉንም፣ ክብደቱንም አልጠየቅሁም። ርካሹ የትኛው ነው ብቻ አልኩት። ሰውየው ረዘም አድርጎ አየኝና ከተኳሾች ማኅበር ወረቀት አምጣ አለኝ። ማኅበሩ ዘንድ የሄድኩት ለወረቀቱ ነው፤ ለሌላ አይደለም። የዚያን ዕለት ደውዬልሽ ነበር። ምን እንዳልኩሽ አላስታውስም። አንቺ ታስታውሻለሽ።

አባታችንን አላነሣም። አንቺም አታንሺ። ከእሱ በኋላ እናታችን መሣሪያ የሚባል ቤታችን እንዳይገባ ለምን እንደማለች ሁለታችንም እናውቃለን። ያን እያሰብሽ ለአስጌር መደወልሽን ሳስበው ቁጣዬን መልሼ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ አላገኘሁትም።

መቼ እንደተለወጠ አትጠይቂኝ። አላውቅም። የሆነ ሐሙስ ቀን ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ የማስበው ስለ ፊቱ ቀለበት ነበር፤ ሦስት ነጥብ ስምንት ሚሊ ሜትር ይሻላል ወይስ አራት። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያንን ራሱን ያስተዋልኩት እማማ ቦርግሂልድ ከነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ እየመረጥኩ መስሎኝ እነሱ ይጠብቁኝ ነበር፤ እነሱ እየጠበቁኝ መስሏቸው እኔ እውነት እየመረጥኩ ነበር። ማን ማንን እንዳታለለ እስካሁን አልለየልኝም።

ባለፈው ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። አስጌር መነጽሩን አድርጎ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ፈርሞበታል። «እኛ ሐኪሞች አይደለንም። እንግዲህ ደህና መሆንህን አንተው ንገረን» አለኝ። እጁን ወረቀቱ ላይ ጭኖ ነበር፤ አላነሣውም።

ቅጹ ላይ መሣሪያው የሚቀመጥበትን ቦታ የሚጠይቅ መስመር አለ። እኔ በየካቲት «መኖሪያ ቤት» ብዬ ጽፌ ነበር። እስክሪብቶ ተቀብዬ ሰረዝኩትና የማኅበሩ ካዝና ውስጥ ቦታ ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

ኤይሊቭ «ያንተን ስድስት ጠብመንጃ ለየባለቤቱ ስንመልስ ቦታ እንኳ ተርፎ ላም ያስራል» አለ።

እማማ ቦርግሂልድ ግን አልሳቁም። «የካዝናው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ከሐሙስ በቀር ለማንም አልከፍትም፤ ብትለምነኝም፣ ብታለቅስም» አሉኝ።

«ይህን ስለማውቅ ነው የጠየቅኩት» አልኳቸው።

አስጌር እጁን አነሣ። ቦታውን ጻፍኩ። ፖሊስ መልስ እስኪሰጥ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ይባላል፤ ላይፈቅዱም ይችላሉ። እስከዚያ በማኅበሩ ጠብመንጃ እተኩሳለሁ።

እትዬ፣ ደውለሻል ብዬ አላመሰግንሽም፤ ገና አልቻልኩም። ግን ጻፍኩልሽ። ዳሌሽን እግዚአብሔር ያጽናልሽ፤ ባሕሩም ነፋሱም ይራራልሽ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። ስልክ ደውዪ፤ አነሣለሁ። ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ግን ላላነሣ እችላለሁ። እንዳትደነግጪ።

ታናሽ ወንድምሽ