በጓጉንቸር ስለተዘጋው ቀይ ማቆሚያ

ለከተማችን የማሽን ደህንነት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ነገሌ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎና የቢሮዎ ማኅተም ሁላችሁም በናጋ፣ በሰላም፣ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ለእርስዎ እጽፋለሁ፤ የሚደርስዎትን ወረቀት ስለማያነቡ ምስጢር ጠባቂነትዎ በከተማው የታወቀ ነው።

ባለቤቴ ሀላኬ በ1994 ዓ.ም. እህል ሲፈጭ ሞተ። ከሊበን ወተት ይዘው የሚመጡ ሴቶች እህላቸው እስኪፈጭ ድረስ የወተት ዕቃቸውን፣ ጮጮአቸውን፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ባለው ቀይ የአደጋ ማቆሚያ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ራሱ ክብና ወጣ ያለ ስለሆነ ለዕቃ መስቀያ የተሠራ ይመስላል። ማሰሪያውን ሲያጠልቁበት ይጫናል፣ ወፍጮው ይቆማል፣ ሰልፈኛው ሀላኬን ይሰድባል። ሀላኬም ሽፋን ስፊልኝ አለኝ። ከበሬ ቆዳ ሰፋሁለትና በጠፍር ሦስት ቦታ ቋጠርኩት፤ እጅሽ ጥሩ ነው ተብዬም ተመሰገንኩ። በአራተኛው ወር ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኘው ቺንጋ የአንገት ፎጣውን ያዘ። ጎረቤታችን ዱረቲ ሮጣ ሁለቱን ቋጠሮ ፈታች። ሦስተኛው አልተፈታም። ለቀስተኛው ሁሉ ማሽኑ ገደለው ሲል እኔም አዎ ማሽኑ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ በራሴ ተማርኩ፤ ለማመስገን የበቃሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

1ኛ. የክፍልዎ የደህንነት መመሪያ ለሕዝብ በሰፊው እንዲዳረስ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ባለሱቆች ስኳርና በርበሬ ስለሚጠቀልሉበት ገጽ በገጽ ሰብስቤ አንብቤዋለሁ። ማቆሚያው ቀይ፣ መደቡ ቢጫ እንዲሆን፣ ከሠራተኛው እጅ እንዳይርቅ፣ በአንድ ግፊት እንዲያቆም፣ ማሽኑ ከቆመ በኋላ በራሱ እንዳይነሳ፣ ከፊቱም ምንም መከለያ እንዳይኖር ያዛል። ሰባተኛው ገጽ ብቻ ጎደለኝ፤ ይቆለፍበት የሚለው ምናልባት እዚያ ይሆናል።

2ኛ. አዲሱ ወፍጮ ቤት በባለሙያዎ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት በማግኘቱ ደስ ብሎኛል። ወረቀቱ በመስታወት ተሰቅሏል። ከሥሩ ቀዩ ማቆሚያ፣ ጮጮ እንዳይንጠለጠልበት፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ በጓጉንቸር ተዘግቷል። መክፈቻው በሥራ አስኪያጁ በአቶ ወንዶሰን ኪስ ነው፤ አቶ ወንዶሰን ደግሞ በገበያ ቀን፣ ማለትም ወፍጮው ትንፋሽ በማይወስድበት ቀን፣ ከብት ሊያዩ ሊበን ይወርዳሉ። ስለዚህ አደጋ የሚደርስበት ሰው ሌላ ቀን ቢመርጥ ይመከራል።

3ኛ. ባለሙያዎ ስለ ሳጥኑ ሲጠየቁ፣ ቅጹ የሚለው ማቆሚያ አለ ወይ ነው፣ አለ፣ ብለው መመለሳቸውን ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው። የሀላኬም ነበረ።

4ኛ. በአዲሱ ወፍጮ ቤት ከቺንጋው አጠገብ የምትቆመው የእህቴ ልጅ ጉያቱ ናት። ሻሽሽን አጥብቀሽ ቋጥሪ ብላት፣ አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ቋጠሮ ማውራት መቼ ነው የሚሰለችሽ ብላ ሳቀችብኝ።

እንግዲህ የምለምነው ሳጥኑ ከመጪው የገበያ ቀን በፊት እንዲነሳ፣ ሴቶቹም ጮጮአቸውን የሚሰቅሉበት አሥር ሚስማር በፊት ለፊቱ ግድግዳ እንዲመታ ነው። ሀላኬ ሽፋን ሲጠይቀኝ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው ሚስማር ነበር። ክፍልዎ በጨረታ እንዳይደክም ሚስማሮቹን ራሴ ገዝቻለሁ።

ለቅጾችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእኛም በቅጹ የሚፈቀደውን ያህል እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ዲንኪቱ ዶዮ
የሟች ሀላኬ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ሰባተኛው ገጽ ሻይ ቅጠል ተጠቅልሎበት ደረሰኝ። ስለ ጓጉንቸር የሚለው ነገር የለም። መርማሪው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ማቆሚያውን በገዛ እጁ ተጭኖ መቆሙን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ይህ ገጽ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ጋር ወረፋ ጠባቂዎች እንዲያነቡት በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። በእጄ የጻፍኩት ዋናው ደብዳቤ ከአሥሩ ሚስማር ጋር ለጉያቱ ይሰጣል፤ ስለ ቋጠሮ የጠየቀችኝ እሷ ናትና። ለእርስዎ የደረሰዎት ግልባጩ ነው።