በሐጃ ግቢ ላይ የተከፈተው መስኮት

ኻርቱም፣ ቡሪ
ሐምሌ ፭ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? የእማማስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ጎንደር ክረምቱ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁና ብርዱ እንዳያገኛት ወፍራሙን ጋቢ ደርቢላት። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። የዚህን አገር ሙቀት አንቺው ታውቂዋለሽ። ከጤናዬ በቀር ግን ደህና ነኝ ለማለት አፌ አልደፈረም።

ከትንሿ ልጀምርልሽ። አምና "ቤቱን ቀለም አስቀባሁት" ብዬ የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ከኋላዬ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር። አንቺም በስልክ "ሰው እንዴት ልብሱን ሳይሰበስብ ፎቶ ይነሳል?" ብለሽ ስቀሽብኛል። አንሶላው እንዲደርቅ አልነበረም የተሰጣው፤ ደረጃ እንዲሸፍን ነው። አዎ፣ ደረጃ። ጣሪያሽ ላይ ክፍል ሠርቻለሁ።

ይህን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቴም ስለ በርበሬ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን ግን ቤቱ ባንቺ ስም ነውና ፊርማሽ ግድ ሆነ። ለፍልሰታ አገር ቤት የምትገባው በለጡ ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታደርስልሻለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሪ የሚኖረውን ግንበኛ ጥጋቡን አመጣሁ። "ያለ ሩኽሳ ይሆናል ወይ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አንቺ ደግሞ! ፈቃድ ቤቱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል፤ ማን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያይሻል?" ብሎ ሳቀብኝ። ክፍሉም አለቀ፣ አማረም። መስኮቱን ነፋሱ በሚመጣበት በሰሜን በኩል አስወጣሁት። በሰሜን በኩል ማን እንዳለች ታውቂያለሽ። ጎረቤትሽ ሐጃ ሲትና፣ የሃያ ዓመት ወዳጅሽ።

ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላለኝም። በኋላ እኔው ብልጧ፣ ላይኛው ክፍል የራሱ የመብራት ቆጣሪ ይግባልኝ ብዬ አመለከትኩ። ጸሐፊው የክፍሉን ሩኽሳ አምጪ ሲለኝ፣ ፎቶ ኮፒ እንደረሳ ሰው እየሳቅኩ "እሱን እንኳ ገና አላወጣሁም" አልኩት። በሳምንቱ ከመሐሊያው ማዘጋጃ ቤት ባሽ ሙሐንዲስ አብዱልሰላም የሚሉት ሰው መጣና የፊት ግድግዳሽን በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። በሠላሳ ቀን ፈቃድ ካላወጣሽ ክፍሉ ይፈርሳል አለኝ። ሻይ አቀረብኩለት። ሻዩን ጠጣ፤ ቀዩን ግን አላጠፋውም።

ታዲያ እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? "የከሰሰችኝ ሐጃ ናት" አልኩ። ለበለጡ ነገርኳት፣ ቤተ ክርስቲያን ለስንቅነሽ ነገርኳት። ስንቅነሽ ከሰማች ደግሞ እስከ ዐማራት ሰፈር ያልሰማ የለም። ላንቺም ከአምና ጀምሮ "ሐጃ ተለውጣለች፣ በግንቡ ላይ ሰላም ማለት ትታለች፣ በዒድ እንኳ አታስታውሰንም" ስልሽ ከርሜያለሁ። ከፍቶሽ ለሷ መደወል የተውሽው በኔ ወሬ ነው።

መሐንዲሱ የጠየቀኝ ሦስት ወረቀት ነው። የክፍሉን ንድፍ፣ ያንቺን ውክልና፣ ሦስተኛው መስኮቱ የሚያያት ጎረቤት "አልከፋኝም" ብላ የምትፈርምበት። "የከሰሰችኝ ሴት እንዴት ትፈርምልኛለች?" ስለው ፋይሉን ገልጦ አሳየኝ። ከሳሽ የለም። ያለው የቆጣሪው ማመልከቻ ብቻ ነው፣ በገዛ እጄ በዚያ በተወላገደ ዐረብኛዬ የጻፍኩት።

ዐሥር ቀን በሯ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በዒድ ማግስት ገባሁ። ሐጃ ጓዳዋ ውስጥ ዓንገሬብ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። መብራት ሄዷል፣ ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይፋጃል። "ነፋሱ ውጭ እያለ ምነው እዚህ?" አልኳት። መልሱን የሰጠችኝ ልጇ ናት። መስኮቱ ከወጣ ጀምሮ እናቷ ከላይ ሰው ያየኛል ብላ ግቢ ውስጥ ተኝታ እንደማታውቅ፣ በረመዳን እንኳ ውሃ ሳትቀምስ ውላ እዚያው ውስጥ እንደምታድር ነገረችኝ። ሐጃ "ኸላስ! የመጣን ሰው አታስከፊ" ብላ ተቆጣቻት።

እታለም፣ አላውቅም ነበር እንዳልል አንቺ አለሽ። ስንት በጋ አልጋችንን ደጅ አውጥተን ግንቡ ጥግ ለጥፈን፣ እሷ ከማዶ ሆና፣ እንቅልፍ እስኪወስደን ስናወራ ኖረናል! ላይ ወጥቼ ማቀዝቀዣ ሥር መተኛት ስጀምር ረሳሁት። አልጋዋ ከግቢው መጥፋቱን በዚያው መስኮት እያየሁ "ኮራችብን" አልኩ።

ወረቀቱን ሳወጣላት ሳታነበው ፈረመች። "ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?" ብላት፣ "እህትሽ ብትሆን ሳትሠራ ትጠይቀኝ ነበር። አንቺ ስላልጠየቅሽኝ የምትፈልጊኝ አልመሰለኝም" አለችኝ። ቀጥላ ስላንቺ ጠየቀችኝ። "በየዒዱ የምልክላትን ካዕክ፣ ያን ብስኩቴን፣ ወደደችው ወይ? አንድ ቀን እንኳ ስኳሩ አነሰ አላለችኝም" አለች። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አትጠይቂኝ፤ ብስኩቱ እኔ ጋ ነበር የሚቀረው።

ትናንት ጥጋቡን ጠርቼ መስኮቱን በጡብ አስዘጋሁት። "ፈረመችልሽ አይደል እንዴ?" ብሎ እንደ እብድ አየኝ። አሁን ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ይፋጃልም። ለኔ ይሁን።

ውክልናውን ብትፈርሚ ክፍሉ ይቆማል፤ ባትፈርሚ ይፈርሳል፣ እኔም አልቀየምሽም። መንደሩ ሁሉ "የእህትሽ ቤት፣ የእህትሽ ጎረቤት፣ እህትሽ እንዴት ናት" ሲለኝ፣ የኔ የሚባል አንድ ነገር አማረኝ። ከዚህ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ብቻ ከመፈረምሽ በፊት ለሐጃ ደውዪላት፤ ስልኳ ያው የድሮው ነው።

በለጡ አንድ የብስኩት ቆርቆሮም ትሰጥሻለች። ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ያሸግኩት እኔ ነኝ፣ ሐጃ አይደለችም። ለበለጡም ቤቴ ሳይውል ሳያድር ነው የሰጠኋት።

የሐጃ አልጋ ወደ ግቢዋ የወጣ ዕለት፣ በዚያው ቀን እጽፍልሻለሁ። ከላይ ሆኖ ማየት ቀርቷል፤ በበሯ ገብቼ አይቼ ነው የምነግርሽ።

እግዚአብሔር አንቺንም እማማንም በጤና ያቆይልኝ። ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት።

ቤትሽን አደራ ያልሻት
ታናሽ እህትሽ