አሮጌዋን ሞተር ለምን እንዳስመለስኳት

ለውድ ወንድሜ ለቬልኮ፣

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ፋብሪካ ውስጥ ቆመህ ስትውል ያ ወገብህ ዛሬም ያስቸግርሃል ወይ? ኔቬናስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ካሊናስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኛ ደኅና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ጤነኛ ናት። ዘንድሮ አሥራ ስድስት መደብ ቃሪያ ተክላለች፤ ማን እንደሚበላው እሷም አታውቅም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ እሑድ እሑድ ስትደውል እማዬ ቀድማ ታነሳና «አዲሷ ሞተር እንደ ርግብ ናት፤ ዳፊናን ተመችታታለች» ትልሃለች። ውሸቷን ነው። ባለፈው መኸር ወድቄ ትከሻዬ ሲሰበር ተጨንቀህ የላክህልኝ ሞተር ብርድ ልብስ ለብሳ በረት ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎቹም ይሰፍሩባታል። እኔ ወደ አሮጌዋ ሞተሬ፣ ወደ ያዋዋ ተመልሻለሁ። ይኸው ተናገርኩት። አንብበህ ጨርስና ከዚያ ተቆጣኝ።

መጥፎ ሞተር ልከህልኛል አልልም። ሁለት ወር ሙሉ ለበግ ክትባት ከመንደር መንደር ስዞር ነድቻታለሁ። በአንድ ጣት ትነሳለች፤ ድምፅም የላትም። ግን ወንድም ጋሼ፣ ምንም ነገር አትጠይቀኝም። ከያዋዋ ጋር ሳለሁ ጧት ጧት ካንዴላዋን እጠርጋለሁ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠብቃለሁ፣ ድምፅዋን አዳምጣለሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት ሐሳቤ ይሰበሰብልኝ ነበር። በአዲሷ ግን ልቤ ከአልጋ ሳይነሳ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እጄ የሚይዘው አጥቶ ግቢውን እዞራለሁ። የአጥሩን በር ሁለት ጊዜ ቀባሁት። እማዬ «ምጥ የያዛት ድመት መሰልሽ እኮ! እስቲ አንድ ቦታ ተቀመጪ» ትለኛለች።

ባለፈው ወር እማማ ኬራ ከላይኛው መንደር ደወለችልኝ። ላሟ ምጥ ይዟት ጥጃው እግሩ ታጥፎ አልወጣ ብሏል። የከብት ሐኪሙ ከተማ ስለነበረ እኔ ረዳቱ ሻንጣዬን ጭኜ ብቻዬን ተነሳሁ። ከጥድ ጫካው በላይ ጠመዝማዛው ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች፤ ሞተሯም ጸጥ አለች። የሸጡልን ሰዎች ጋ ስደውል አንድ ትሑት ሰው «የነካሽው ነገር አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «ጎሽ፣ ምንም እንዳትነኪ። በኮምፒውተር ሳይታይ አይታወቅም፤ ከነገ ወዲያ መኪና እንልካለን» አለኝ። ሁለት እንጨት ጫኞች ቁልቁል ሲወርዱ ቆመው አዩልኝና «እህቴ፣ ይኼ የኛ እውቀት አይደለም» ብለው ሄዱ። የመፍቻ ቁልፉ ሁሉ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ የት ላግባው?

ሰባት ኪሎ ሜትር በእግሬ ወጣሁ። ስደርስ ጥጃው ሞቷል። ላሟን ግን ከብዙ ትግል በኋላ አተረፍናት። እማማ ኬራ አልወቀሰችኝም። እርጎ በሳሕን ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀመጠችና «ሞተርሽን ምን ነካት?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ላሜ ስትታመም እኮ እኔ ምን እንደነካት አውቃለሁ» አለች።

እውነቱን ለመናገር አሮጌዋም በዚያ ዳገት ብዙ ጊዜ ቆማብኛለች። ያን ቀንም ትቆም ይሆናል። ግን ስትቆም በሽታዋን አውቀዋለሁ፤ ካንዴላዋ ካልቆሸሸ ቤንዚን መውረጃዋ ተዘግቷል ማለት ነው። እኔ ባላውቀው እንኳ ያገኛት ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ «እስቲ ልያት» ይላል።

በማግሥቱ አዲሷን አስጎትቼ በረት ካስገባኋት በኋላ ጋሽ ሚንቾ ጋራዥ ሄድኩ። ያዋዋን ለመለዋወጫ እንዲበትናት ሰጥቼው ነበር። መቀመጫዋን ለቄሱ ሞተር ሰጥቶታል፤ ሌላው እንዳለ ነው። «ምነው፣ ሌላኛውንም ትከሻሽን ልትሰብሪ መጣሽ? ቬልኮ የሚቀብረው እኔን ነው» አለኝ። «ፍሬኗን አብረን እንሥራው» አልኩት። ከሥራ መልስ አራት ቀን ፈጀብን። ፊትና ኋላ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገባን፤ ጎማዎቹንም ቀየርን። አሁን የምቀመጠው ከትራክተር በተቆረጠ መቀመጫ ላይ ነው። ሸራውን ሲያጠብቅ ቀና ብሎ አየኝና «ስለ ፍሬኑ ያኔ ነግሬሽ አልነበረም?» አለኝ።

ነግሮኝ ነበር። ለአንተ ግን «ፍሬኑ ድንገት ከዳኝ» ብዬ ነበር። አልከዳኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያንቋርር እየሰማሁ ዛሬ ነገ ስል የተውኩት እኔ ነኝ። አንተ እዚያ በሰው አገር በኔ ስንፍና ተጨነቅህ። ስጦታህን ማቆሜ ሳይሆን ይኼ ነው መቀመጫ የነሳኝ። አሮጌዋን የምመርጥበት ምክንያትም ከዚሁ አይርቅም፤ ጥፋቱም ጥገናውም የኔው ነው። እርጥብ መንገድ ላይ አዲሷ እንደምትሻል አልክድም። ስለዚህ ፍሬኗን ሳላይ ከበር ላልወጣ ለእማዬ ምዬላታለሁ።

በነሐሴ ስትመጣ አዲሷ ያንተ ናት፤ አሠርቼ፣ ባትሪዋን ሞልቼ እጠብቅሃለሁ። ወደ ላይኛው ግጦሽ አብረን እንወጣለን። አንተ ቅደም፣ እኔ ከኋላህ እየተንፏቀቅሁ እመጣለሁ። ቆመህ ባገኝህ አልፌህ አልሄድም።

ኔቬናን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። ካሊናን አክስትሽ ፍሪሲዮን አያያዝ ታስተምርሻለች በላት፤ አባትሽ አይስማ በላትም። እማዬ ይህን አንብቤላት «እኔን ውሸታም አደረግሽኝ» ብላ አኩርፋለች፤ ግን ግንባሩን ሳሚልኝ ብላለች።

እህትህ ዳፊና
ዶልኖ ቡኮቮ፣ ሮዶፒ
ጁን 23 ቀን 2019