የሽንፋ ባዶ ቀኖች

መጋቢት 20

አቧራ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። የሽንፋን የሠላሳ ዓመት የሙቀት መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ ጨረስኩ። ስልሳ አንድ ቀን ባዶ ነው። አለቃዬ ሮዳስ ባዶ አትወድም... በፊትና በኋላ ካሉት ቀኖች አማካይ እየወሰድኩ ሞላሁት።

መጋቢት 23

መዝገቡ ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩ። መዝገቡ ከ44 ዲግሪ ያለፈ ቀን ካለው፣ በዚህ ወቅት የሽንፋ እርሻዎች ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ያቆማሉ። ያለፈ ቀን የለም። ስለዚህ አይቆምም። ቢሆነኝ የሚባለው ወንድሜ ሽንፋ የእርሻ ምንጣሮ ላይ ነው። ደውዬ አይዞህ፣ አልፎ አያውቅም አልኩት። ሳቀብኝ። መጥተህ መጥረቢያውን ያዘው አለ።

ሚያዝያ 2

መዝገቡን ደግሜ አየሁት። ቁጥሩ 42 ይላል፣ 43፣ 43.8... ባዶ። በማግስቱ 42። በሌላውም ዓመት እንዲሁ። ከስልሳ አንዱ ሃምሳ ስምንቱ! ሙቀቱ ይወጣል ይወጣልና ቴርሞሜትር አንባቢው ይጠፋል። የት ነው የሚሄደው?

ሚያዝያ 3

ከመጀመሪያው ጀምሮ ቴርሞሜትሩን የሚያነቡት እትዬ ፈንቴ ናቸው። ደወልኩላቸው። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ቤተሰቤ። ባዶዎቹን ቀኖች ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አስቆሙኝ።

«በቃህ ልጄ። ቀብር ነበርሁ።»

የትኛው ቀን ላይ? አልኳቸው።

«ሁሉም ላይ። ከደጋ የመጣ ሳሉግ፣ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ እርሻ ላይ ወድቆ ሲሞት ማን ይቅበረው? ቀብሬ ስመለስ ያን ዕቃ ማየት ያስጠላኛል፣ በማግስቱ ሳላየው አራግፈዋለሁ።»

እኔ እነዚያን ቀኖች 42.9፣ 43 እያልኩ ነው የሞላኋቸው።

ሚያዝያ 4

ሮዳስ ጥርጣሬ ቁጥር አይሆንም አለችኝ። ከ44 ያለፈ፣ በዓይን የተነበበ አንድ ቁጥር አምጣ፣ ያኔ አስቆማለሁ አለች። ከየት ላምጣ? ቢሆነኝን ከዚያ ውጣ ስለው ጓደኞቼን ጥዬ የት ልሂድ አለ።

ሚያዝያ 8

ከሽንፋ፦ 43.7። ነገ ቁጥሩ ቢቀርስ?

ሚያዝያ 9

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ቁጥሩ አልመጣም። እትዬ ፈንቴ ስልክ አያነሱም። የቢሆነኝ ዝግ ነው። ሠንጠረዡ ባዶውን ባለፉት ቀኖች አማካይ በራሱ ሞላው፦ 42.4። ፈራሁ። መኪና ተራ ልሂድ...

ሚያዝያ 10

ትናንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሽንፋ ደረስኩ። መቃብር ላይ አፈር እያለበሱ ነበር። ቢሆነኝ አካፋ ይዞ ቆሟል። በቁሙ ሳየው እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ ተመስገን አልኩ። እስካሁን አፍራለሁ። ሟቹ ታንጉ ይባላል፣ ከወሎ ነው የመጣው። የአባቱን ስም የሚያውቅ አልተገኘም።

ቴርሞሜትሩ ወደ ተተከለበት ትምህርት ቤት ጓሮ ሄድኩ። ይሄ ቴርሞሜትር ሰው እስኪያራግፈው ድረስ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ ይቆያል። አየሩ በርዷል። ሜርኩሪው ግን እዚያው ቆሟል፣ ሰው እንደሚጠብቅ። 46.2። እትዬ ፈንቴ ተከትለውኝ መጥተዋል። ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

«ስንት ይላል?»

ነገርኳቸው።

«ጻፈው» አሉ።

ጻፍኩት፣ ለሮዳስም ላኩላት። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ተመልሼ የገመትኳቸውን ስልሳ አንዱንም አጠፋሁ።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ እርሻዎቹ ሁሉ ሥራ አቆሙ። ቢሆነኝ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ደወለልኝ። ለታንጉ በአንድ ቀን ዘገየሁ።