የታጠቡት ማጣሪያዎች

የካቲት 3

ዛሬም የማጥበው ያው የቆፋሪዎች ቱታ፣ ያው የድንጋይ ትቢያ። በርሜሉ ሥር የሚቀረው እንደ ሲሚንቶ ይረጋል። የማዕድን ጉድጓዱን ግማሽ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በሳሙና... ምስጋናው ግን ለቁፋሮ ክፍል።

ከሰዓት ነጭ ቆብ መጣ። የደህንነት ኃላፊው። ቆቡ የነጣው ጉድጓድ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። አንድ ጆንያ ሙሉ ማጣሪያ አስይዞ መጣ፤ ወንዶቹ አፍንጫና አፋቸው ላይ የሚያስሩት ጭንብል ውስጥ የሚገባው ክብ ነገር።

"እናቴ፣ እነዚህን አጠብ አጠብ ያድርጉልኝ። ቁጠባ ነው።"

ሲፈልገኝ እናቱ ነኝ። አጠብኩ። ወተት አስመስዬ ሰጣኋቸው።

የካቲት 9

እዚያው ጉድጓድ የሚወርደው ልጄ ያስላል። "ብርድ ነው እማ" ይላል። አባቱም ብርድ ነው ሲል ሲል ሳንባው ድንጋይ ሆኖ ሞተ። ድርጅቱ ምን አለ? ሲጋራ ነው። ሲጋራ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው! ለቀብሩ አበባ ላኩ... እሱም ፕላስቲክ።

ጉድጓዱ በር ላይ ሰሌዳ አለ። ፊደል ሳልቆጥር የሽንት ቤት ምልክት ይመስለኝ ነበር። በስተርጅና ተምሬ አነበብኩት። "ከሁሉ በፊት ደህንነት" ይላል። ሽንት ቤት ቢሆን ይሻል ነበር። ቢያንስ ይጠቅማል።

የካቲት 12

የክሊኒኳ ነርስ አንሶላ ልታስረክብ መጣች። ገመዱን አይታ ቆመች።

"እማማ፣ ምንድን ነው የተሰጣው?"

"የጭንብል ማጣሪያ ነዋ።"

"ይታጠባል እንዴ?! ውሃ ከነካው እኮ አለቀለት። ከዚያ በኋላ ትቢያ አይዝም። መሃረብ ቢያስሩ ያው ነው።"

"እና ትቢያው?"

ደረቷን ነካች።

ልጄም የሚያደርገው ከዚሁ ገመድ ላይ የወረደውን ነው።

የካቲት 13

ነጭ ቆብ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ሳቀ።

"እናቴ፣ እርስዎ ሳሙናውን፣ እኛ ደህንነቱን።"

"መጋዘን ውስጥ አዲስ የለም?"

"እሱ ለጎብኚ ነው።"

ለጎብኚ! ወርዶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ለሚወጣ...

ራት ላይ ለልጄ ነገርኩት። አንወርድም በሉ አልኩ።

"እማ ተይ። ጭንብል ሳጠብቅ እንኳ 'ሙሽሪት' እያሉ ይስቁብኛል። ጭራሽ ማጣሪያዬ ታጠበ ብዬ ላልቅስ? ከሥራ ታስወጪኛለሽ።"

ወንዶች! ሞት አያሳፍራቸውም፣ ጭንብል ያሳፍራቸዋል።

"እንደ አባትህ..." ስል በሩን ወርውሮ ወጣ።

የካቲት 16

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ንግግር በቃኝ።

ጠዋት የተሰጣውን ሁሉ ለቃቅሜ የውሃ ማሞቂያው ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። የምድጃውን በር ዘጋሁበት።

ፈረቃው ሊወርድ ሲል ማጣሪያ የለም። ያለ ማጣሪያ መውረድ ደግሞ ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነጭ ቆብ። ወንዶቹ በር ላይ ተኮለኮሉ። ሥራ አስኪያጁ ጫጫታ ሰምቶ ወጣ። ነጭ ቆብ እየሮጠ ወደኔ መጣ።

"የት አደረግሻቸው?"

እናቱ መሆኔ ቀረ። በአንዴ "አንቺ"።

"አቃጠልኳቸው። ከፈለግክ አመዱን እጠበው።"

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጄ ብቻ አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ መጋዘኑን አስከፈተ። ሁሉም በአዲስ ማጣሪያ ወረዱ። እኔ ተባረርኩ።

የካቲት 22

ልጄ አያናግረኝም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይወጣል።

ነርሷ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ነጭ ቆብ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ማጣሪያ ማጠብ ክልክል ነው" ብሎ አስተማረ አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አጨበጨቡለትም አሉ።

የካቲት 25

ቤት ዋልኩ። የማጥበው የራሳችንን ልብስ ብቻ ነው። እጄ ሥራ ፈትቶ ያሳክከኛል።

ልጄ ከፈረቃ ሲመለስ የዛሬውን ማጣሪያ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ይሄ ሁሉ ደረቱ ይገባ ነበር?... የገባው ገብቷል። ሳሉም አለ።

ላየው እጄን ዘረጋሁ።

"እማ!" አለ። "እንዳታጥቢው!"

አፍ አለው ለካ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ... እስኪያስለው ድረስ።