ከዙሌይካ ጋር ሐረር ልሄድ ነው

ልጄ ሳባ፣ ባለሽበት አገር መንገድሽን ያቃናልሽ፣ ከሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ አማን ከተማም ዝናቡ ጋብ ብሏል።

ጡረታ ስወጣ ያሰብኩት ሊሳካ ነው። ሰኞ ከጎረቤታችን ከዙሌይካ ጋር ሐረር እንሄዳለን፤ ከፋሲካ በፊትም አንመለስም። እህቷ ቤት እናርፋለን፤ እኔ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ እሳለማለሁ። ቤቱን ለሁለት አስተማሪዎች አከራየሁት። ኪራዩም ጡረታዬም ባንክ ስለሚገባ የደረስንበት ከተማ ሆኜ አወጣለሁ። የጓሮውን ቡና ሸጬ ለክፉ ቀን ብዬ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ስለዚህ ለመንገድ ብለሽ ምንም አትላኪ።

ዙሌይካ ሻንጣዬን ከፍታ አየችና «የዓለምዘርፍ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» ብላ ግማሹን ልብስ አስወጣችው። የደም ግፊት መድኃኒቴን ግን ራሷ በእጅ ቦርሳዬ ከተተችልኝ።

«በዚህ ዕድሜሽ እንዴት ይሆናል?» ብለሽኝ ነበር። አንቺ በሃያ ዓመትሽ ቋንቋውን ወደማታውቂው አገር ስትሄጂ፣ እየፈራሁም ቢሆን መርቄ ሸኘሁሽ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ «ልጄን አይቼ ነው የደፈርኩት» እላለሁ።

እመብርሃን በምትወጪበት በምትገቢበት ትከተልሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ስትደውይ ስለ ጤናዬ ከመጠየቅሽ በፊት ምን እንዳየሁ ጠይቂኝ።

እናትሽ የዓለምዘርፍ