ከወንዙ ማዶ የሚጠራ እጅ

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሙቀቱ አይጣል ነው። ማራገቢያው የሞቀ አየር ከማመላለስ በቀር ጥቅም የለውም። መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው የእግር ኳሱ ውድድር ፊልም ሳላስቀምጠው ጠፋብኝ። እንደገና ከመጀመሪያው...

አሠሪዬ ጋሽ ሁሴን ፎቶ ቤት ውስጥ ለእሑዱ ሰርግ የካሜራ ባትሪ ሲሞላ ዋለ። ሙሽራዋ የእትዬ ሐቢባ ልጅ ራሕማ ናት። የምትዳረው ከጀውሃ ወዲያ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። "የከተማ ልጆች የሚያነሱትን አይተሻል? መኪናው ውሃ እየረጨ ሲሻገር፣ ፀሐይ ከኋላ... እንዲህ ያለ አንድ ምስል ከወጣልኝ ሰው ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚመጣው" አለኝ። አብሬ ልሂድ ስለው "አንቺ ኳስሽን ጨርሺ" አለ። አኮረፍኩ። ካሜራ መያዝም ኤዲት ማድረግም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኩርፊያዬን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ



ትናንት ወደ ማታ የሙሽራዋን መኪና ውሃ ወሰደው። እዚህ ጠብ ሳይል፣ ላይ ደብረ ሲና በኩል ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ራሕማና ሚዜዋ የሉም። ሾፌሩ ሞገስ ከታች ግራር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሙሽራው ቤቱ ሆኖ ሲጠብቃት ነበር... ምን ብለው ነገሩት?

ጋሽ ሁሴን እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ገባ። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። 

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ራሕማ ተገኘች። ቀበርናት። ሚዜዋ ገና።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ሞገስን አሰሩት። ጠጥቶ ነበር ይላሉ። ማን አየው? ማንም። ግን ሁሉም ይላል።

ለቅሶ ቤት ጋሽ ሁሴንን ጠየቁት፤ "አንተ እዚያ አልነበርክም? ምን አነሳህ?" "ካሜራዬ ያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር" አለ። ቀና ብሎ አላየም። ኀዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

እትዬ ሐቢባ ሱቅ መጡ። ጥቁር ሻሻቸው ስር ፊታቸው ግማሽ ሆኗል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ፊልሟን እፈልጋለሁ።"

ጋሽ ሁሴን ደነገጠ። "እትዬ፣ ምን ያደርግልዎታል? ቁስል መነካካት ነው።"

"ቁስሉ የኔ ነው። ሰው ያነሳውን ሁሉ ሰብስባችሁ ስጡኝ። ከጠዋት ጀምሮ ልያት። እንግዳ ሳስተናግድ አላየኋትም እኮ... በሰርጓ ቀን ልጄን አላየኋትም።"

ወጥተው እንደሄዱ "ሥሪላቸው" አለኝ። "ግን ከቤት ስትወጣ አቁሚው። የመንገዱን ተይው።"

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሦስት ካሜራ ነው ያለኝ። የጋሽ ሁሴን ትልቁ። የጓደኛዋ የናርዶስ ስልክ፣ ቁሞ የተነሳ፣ ስክሪኑ ላይ እንደ በር ስንጥቅ ቀጥኖ የሚታይ። ሦስተኛው የአጎቷ የጋሽ ኢብራሂም ነው፤ ከአሊዩ አምባ ይዘውት የመጡት የድሮ ባለ ካሴት ካሜራ። ካሴት አይቸኩልም። የአንድ ሰዓቱን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

አንድ ቀሚስ ነው የለበሰችው። በትልቁ ነጭ፣ በስልኩ ሰማያዊ የነካው፣ በካሴቱ ቢጫ። የቱ ነው እውነተኛው? ናርዶስን ጠየቅኳት። "የወተት ቀለም" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ላይ ያን የወተት ቀለም ስፈልግ ዋልኩ።

ሰዓታቸውም አይገጥምም። የማጋጥማቸው በድምፅ ነው። እልልታ ሲነሳ ሦስቱም ላይ የድምፁ መስመር ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ከፍ ይላል፤ ተራራውን ተራራው ላይ መደረብ። ሲገጥም ራሕማ በሦስት በኩል በአንዴ ትስቃለች።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ማየት አልነበረብኝም? ከቤት ስትወጣ አቁሚው ተብዬ ነበር።

ካሴቱ ሲገለበጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ከቤት ወጡ... መንገድ... ማሽላ... ወንዙ። ጋሽ ኢብራሂም ከኋላ ካለው መኪና ወርደው ነው የሚያነሱት። የሙሽራዋ መኪና ዳር ላይ ቆሟል። ማዶ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ካሜራ አንግቧል። በባዶ እጁ ይጠራል። ደጋግሞ ይጠራል። መኪናው ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም።

የናርዶስን ስልክ ፈለግኩ። ሾፌሩ መስኮት አጠገብ ቆማ ራሕማን ስታነሳ ነበር። የሞገስ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ "ውሃው ደፍርሷል። ቅጠል እያመጣ ነው። ትንሽ እንቆይ።" ራሕማም አንድ ነገር አለች። ከዚያ ከሩቅ፤ "ና! ንዳው! ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው! ና!"

ሁለቱን ገጠምኳቸው። እጁና ድምፁ አንድ ላይ ወደቁ። ይህን ድምፅ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ... በዓሥር መንደር ሰርግ መሀል እለየዋለሁ።

የትልቁን ካሜራ ፎልደር ከፈትኩ። እዚያ ቦታ ላይ የክሊፖቹ ቁጥር ይዘላል።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ከወንዙ ማዶ ያለኸው አንተ ነህ?"

በሩን ዘጋው። ቁልቁል አየ። "አጥፍቼዋለሁ።"

"የጋሽ ኢብራሂም ካሴት ላይ አለህ።"

ተቀመጠ። "በሞተር ቀድሜ ስሻገር ውሃው ቁርጭምጭሚት ነበር የሚያክለው፣ ወላሂ። ከዚያ ፀሐይዋ ማሽላው ላይ ተኛች። ወንዙ አልታየኝም፣ ኑርሃን። ምስሉ ነው የታየኝ።"

"ሞገስስ?"

"እሱን ማን ንዳ አለው..." ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። ሁለታችንም ሰማነው።

እጁን ከአፉ አንስቶ "ካሴቱን ስጪኝ" አለ።

"አልሰጥህም። ራስህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና ንገራቸው። እስከ ሰኞ።"

"አሪፋ አልጋ ከያዘች ስንት ጊዜዋ ነው? እኔ ከታሰርኩ ማን ያነሳታል? ማን ያጥባታል?"

 ሚስቱ አሪፋ እኔ ስታመም ያስታመመችኝ ሴት ናት።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የሞገስን ሚስት ከበቡሽን አየሁ። የስንቅ ሳህን ይዛ ጥላ ስር ተቀምጣለች። መንገድ ላይ ሰው ምራቁን ተፍቶባታል አሉ። ልለፍ ስል ጠራችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ የፎቶ ቤቷ አይደለሽ? ሞገስ ጠላ እንኳ አፉ አይደርስም። ጨጓራ አለበት። ለማን ልንገር? የሚሰማኝ የለም እኮ።"

"እግዜር ያውጣው" ብዬ አለፍኩ። እንዲህ አልኩ። ካሴቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ጠዋት ሱቁ አልተከፈተም። ስደውል አያነሳም። ቤቱ ሄድኩ፤ አሪፋ ከአልጋዋ ላይ ሆና "ሥራ ብሎ ወጣ" አለች። ጠበቅኩ። ከሰዓትም ጠበቅኩ... ይሄዳል ብዬ ነበር። እውነት፣ ይሄዳል ብዬ ነበር።

ጋሽ ኢብራሂምን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው አየው። ከዚያ፣ "ይሄ ሥራሽ አይደል? ቆራርጠሽ ገጣጥመሽው ቢሆንስ?"

"የገጠምኩት እንዲታይዎ ነው። ካሴቱም ስልኩም እንዳሉ ናቸው፤ ለየብቻ ይዩዋቸው።"

ጋሽ ኢብራሂም በዚያች ትንሽ ስክሪን የእህታቸውን ልጅ መኪና ሲያዩ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። "ሳነሳ እኮ ቆሜ ነበር። ዓይኔ ካሜራው ላይ ነበር። ውሃውን አላየሁትም..." አሉ።

እሳቸውም እንደ ጋሽ ሁሴን?

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ጋሽ ሁሴንን ያዙት። ደብረ ሲና መናኸሪያ ላይ ተቀምጦ አገኙት። አውቶቡስ አልተሳፈረም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር አሉ።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

አሪፋ አላስገባችኝም። እህቷ በሩን ገርበብ አድርጋ "እንጀራ አብልቶ፣ ሙያ አስተምሮ... ሂጂ፣ ፊትሽን አናይም" አለችኝ። ከውስጥ አሪፋ ስታለቅስ ይሰማል። የያዝኩትን ማንጎ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ መጣሁ።

ገበያ ላይ "ጌታዋን ያሳሰረች" ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሞገስን የረገሙት ራሳቸው ናቸው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሞገስ በዋስ ወጣ። ከበቡሽን አስከትሎ እኔ ጋ መጣ። ከስቷል፤ አንገቱ ላይ ግራሩ የቧጨረው ገና አልዳነም። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ፈራሁ። አላመሰገነኝም።

"ሰውየው ጠራኝ። እውነት ነው" አለ። "መሪው ግን እጄ ላይ ነበር። ውሃውን አውቀዋለሁ። እያወቅኩ፣ ሰው ቸኮለ ብዬ ነዳሁ።"

"ለፖሊስ እንዲህ ትላለህ?"

"ብያለሁ።"

ከበቡሽ ልብሱን ይዛ ጎተተችው። "በቃ፣ በቃህ እንሂድ።" እያየኋቸው በዚያ ፀሐይ ወደ ላይ ወጡ። መኪና መንዳት ትቷል። አሸዋ ይጭናል አሉ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

የሚዜዋ ቤተሰቦች ፍለጋውን አቆሙ። አስከሬን የሌለበት ሰደቃ አወጡ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሱቁን ባለቤቱ ለሌላ ሰው አከራየው። ኮምፒውተሩን እናቴ ቤት አምጥቻለሁ። የሰርግ ጥሪ የለም፤ መታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ። የጋሽ ሁሴን ፍርድ ገና ነው። እስር ቤት ልጠይቀው ሄጄ ነበር፤ ሊያየኝ አልወጣም። አልፈርድበትም... ወይስ ፈርጄበታለሁ? ያሳሰርኩትስ እኔ አይደለሁም?

ዛሬ እትዬ ሐቢባ ለፊልሙ መጡ። አስቀምጬ አሳየኋቸው። ሒናው... ጓደኞቿ... ኒካሁ... ስትስቅ አብረው ፈገግ አሉ፤ መሳቃቸውን ያወቁ አይመስለኝም። ከቤት ስትወጣ አቆምኩት።

"ቀጥይ።"

"እትዬ፣ እዚህ ነው የሚያልቀው።"

"ለፖሊስ አሳይተሻል። ለዳኛ አሳይተሻል። እኔ እናቷ ነኝ።"

ምን ልበል? ከፈትኩት። ማዶ ያለውን እጅ አላዩትም። ዓይናቸው የመኪናው መስኮት ላይ ነበር። ከስልኩ የራሕማ ድምፅ መጣ፤ እስከ ዛሬ እዚህ ያልጻፍኩት፤ "ሞጌ፣ አትግባ፣ እፈራለሁ።" ውሃው ከመምጣቱ በፊት አቆምኩት፤ ያን እናት ማየት የለባትም።

ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ፈርታ ነበር።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ደስ ብሏት ሳለ ነው የሄደችው ሲሉኝ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው ያሉኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አንቺ አልዋሸሽኝም።" ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። "የወንዙን ፊልሙ ላይ አታድርጊው። እሱን እኔ ይዤዋለሁ።"

ወጡ። ፊልሙን ከቤት ስትወጣ ላይ ቆረጥኩት።